ካውል ፍላፕ፦ ከታች የሚከፈት መዝጊያ ሞተርን እንዴት ያቀዘቅዛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «እስካሁን የተማርኩት ሴስና 172 በሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ነበር። አሁን ወደ 182 አልፌያለሁ። ይሄኛው ካውል ፍላፕ የሚባል ማንሻ አለው። ስነሳና ወደ ላይ ስወጣ እንድከፍተው፣ ከፍታዬን ይዤ ስበር እንድዘጋው ተነግሮኛል። አደርገዋለሁ፣ ግን አልገባኝም። አየሩ የሚገባው ከፊት ነው። ከታች በኩል ያለ መዝጊያ ተከፈተ አልተከፈተ ሞተሩን ምን አገባው? ደግሞስ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ሁልጊዜ ክፍት ቢሆን ምን ችግር አለው? ሌላም ነገር አለ። ወደ ላይ ስወጣ ካውል ፍላፑ ክፍት ሆኖም አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ይሞቃል። ጥፋቱ የካውል ፍላፑ ነው?»

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ማንሻውን መቼ እንደሚነካ በቃሉ ይዞ፣ ለምን እንደሚነካው ሳያውቅ ዓመታት የሚበር ሰው ብዙ ነው። እኔ ሥራዬ የፒስተን ሞተር ጥገና ነው። የተሰነጠቀ ሲሊንደር ባወረድኩ ቁጥር የሚቆጨኝ፣ ሙቀቱ ገና ሲጀምር በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ሊቀነስ ይችል እንደነበር ማሰቤ ነው። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሲሊንደሮቹ መካከል የሚያልፍ አየር ነው። አየር እንዲያልፍ ደግሞ መግቢያ ብቻ አይበቃውም፤ መውጫ ያስፈልገዋል። ካውል ፍላፑ መውጫው ነው።

አሁን ከሙቀቱ እንነሳ። ቤንዚኑ ሲነድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሲሊንደር ሄዱ፣ መኪና ላይ ቴስታታ የምንለው ማለት ነው፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። እዚያ ከመድረሱ ብዙ በፊት ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ ፕሮፔለሩን ለማዞር የሚውለው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው። ትልቁ ድርሻ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የተረፈው በሲሊንደሩ አካልና በዘይቱ በኩል መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ብረቱ ውስጥ ይከማቻል። መኪና ይሄንን ሙቀት በውሃና በራዲያተር ያወጣዋል። ያንተ 182 ሞተር ውሃ የለውም። ዘይቱ የተወሰነውን ያግዛል፣ ዋናውን ሸክም የሚሸከመው ግን አየር ነው።

ለዚህ ነው ሲሊንደሩ ዙሪያውን ፊን በሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች የተሸፈነው። ቅጠሎቹ ብረቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ስፋት ያበዙለታል። በቅጠሎቹ መካከል አየር ካልሄደ ግን ቅጠሎቹ ጥቅም የላቸውም። የቆመ አየር ሙቀት ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይወስድም።

ኮፈኑን አውርደህ ሞተሩን ከላይ ብታየው የአየሩ መንገድ ወዲያው ይገባሃል። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተዋል። በዙሪያቸው ባፍል የምንላቸው የቆርቆሮ ግድግዳዎች ቆመዋል። ግድግዳዎቹ ጫፋቸው ላይ ለስላሳ ጎማ አላቸው፤ ኮፈኑ ሲገጠም ጎማው ከኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ጋር ይጣበቃል። ይሄ ሁሉ ሲገጣጠም የሞተሩ ክፍል ለሁለት ይከፈላል፦ ከሲሊንደሮቹ በላይ አንድ ክፍል፣ ከሲሊንደሮቹ በታች ሌላ ክፍል። ከፊት የገባው አየር ላይኛው ክፍል ውስጥ ይታጨቅና ግፊቱ ከፍ ይላል። መውጫ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በፊኖቹ መካከል ሰርጎ ወደ ታችኛው ክፍል መውረድ። ከዚያ ከታች፣ ከኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ይወጣል።

ብዙ ሰው አየሩ ከፊት ወደ ኋላ በሞተሩ ላይ እየነፈሰ የሚያልፍ ይመስለዋል። ሲሊንደሮቹን የሚያቀዘቅዘው አየር ግን ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። የሚያወርደው ደግሞ የግፊት ልዩነት ነው፤ ላይኛው ክፍል ከታችኛው በበለጠ መጠን ብዙ አየር ይወርዳል። ስለዚህ ልዩነቱን ለማስፋት ሁለት መንገድ አለህ። ወይ የላይኛውን ግፊት ትጨምራለህ፣ ወይ የታችኛውን ትቀንሳለህ። የላይኛውን የሚጨምረው ፍጥነትህ ነው። የታችኛውን የሚቀንሰው ካውል ፍላፑ ነው።

አንድ መስኮት ብቻ ያለውን ክፍል አስብ። ውጭ ነፋስ ቢነፍስም መስኮቱን ብትከፍት ክፍሉ ውስጥ እምብዛም አይሰማህም። ከወዲያ በኩል ያለውን በር ስትከፍተው ነው ነፋሱ ሽው ብሎ የሚያልፈው። መስኮቱን አላሰፋኸውም፣ መውጫ ሰጠኸው እንጂ።

ካውል ፍላፑ ከተራ በር አንድ ነገር ይበልጣል። ሲከፈት ወደ ውጭ ወጥቶ ከኮፈኑ ሥር የሚሮጠውን አየር ይገጫል። ያ አየር ፍላፑን ለመዞር ሲል ከፍላፑ ጀርባ ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈጥራል። ያ ዝቅተኛ ግፊት የታችኛውን ክፍል አየር ይስበዋል። ስለዚህ ፍላፑ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ በዚያው ላይ አየሩን ይመጠዋል። ከፊት ያለውን መግቢያ ማስፋት ይሄን አይሰጥህም። መውጫው ጠባብ ከሆነ ትርፉ አየር ተመልሶ በመግቢያው ከንፈር ላይ ይፈስሳል፤ ድራግ፣ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚይዘው የአየር ጉተታ፣ ብቻ ይተርፍሃል። መቆጣጠሪያው ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ላይ የተደረገው ለዚህ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዙት አውሮፕላኖችም በዚሁ ሐሳብ ነው የሠሩት። የጦር አውሮፕላኑ ፒ-51 ሙስታንግ ከሆዱ ሥር ራዲያተር ነበረው፤ የሚቆጣጠረውም ከኋላ ባለ የመውጫ መዝጊያ ነበር።

ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አይከፈትም? ይሄ የጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ታሪኩም ደስ ስለሚል ትንሽ ልቆይበት።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ የነበሩ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ሲሊንደራቸው ራቁቱን ለነፋስ የተሰጠ ነበር። ይቀዘቅዙ ነበር፣ ግን የሚፈጥሩት ድራግ ከባድ ነበር። ናካ የሚባለው የአሜሪካ የአየር በረራ ምርምር ተቋም፣ በኋላ በናሳ የተተካው፣ ላንግሊ ባለው ቤተ ሙከራው ይሄንን መመርመር ጀመረ። ሥራውን የመራው ፍሬድ ዊክ ነበር። በ1928 ሞተሩን በኮፈን ሸፍነው፣ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር መንገድ አስይዘው አንድ ከርቲስ ኤቲ-5ኤ አውሮፕላን ላይ ሞከሩት። የአውሮፕላኑ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት ከ118 ማይል ወደ 137 ማይል ዘለለ። ሞተሩ ያው፣ ጉልበቱም ያው ነው። በ1929 ናካ ለዚህ ሥራ የኮሊየርን ሽልማት ወሰደ።

ከዚያ ጥያቄው ሌላ ሆነ። ለፈጣን በረራ የሚበቃ ጠባብ መውጫ መሬት ላይና ሽቅብ ሲወጣ አይበቃም። ለሽቅብ የሚበቃ ሰፊ መውጫ ደግሞ በፍጥነት ሲበር ድራግ ያመጣል። መፍትሔው የሚከፈትና የሚዘጋ መውጫ ሆነ፤ ካውል ፍላፕ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዲሲ-3 የሚባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ሙሉ ክፍትና ሙሉ ዝግ ከሚሉት በተጨማሪ «ትሬይል» የሚባል ሦስተኛ ቦታ ነበረው፤ ፍላፑ አየሩን ተከትሎ በራሱ የሚቀመጥበት።

ቢ-29 ቦምብ ጣይ ደግሞ ጉዳዩን በክፉ መልኩ አሳይቷል። ራይት አር-3350 የሚባሉት ሞተሮቹ በሙቀት የታወቁ ነበሩ። ሠራተኞቹ መሬት ላይ ካውል ፍላፑን ይከፍታሉ። ሙሉ ክፍት አድርገው ለመነሳት ግን ድራጉ አያስኬዳቸውም። በሩጫው ላይ እያሉ ቀስ እያደረጉ ይዘጉት ነበር። ድራግ ፍጥነት ይበላል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ላይኛው ክፍል የሚገባው ግፊት ይቀንሳል። ማቀዝቀዣው ራሱ ከልክ ካለፈ ማቀዝቀዙን ይጎዳዋል ማለት ነው።

ያንተ አውሮፕላን ላይ ነገሩ እንዲህ አይከፋም። ከፍታህን ይዘህ ስትበር ካውል ፍላፑን ክፍት ከረሳኸው የምታጣው ጥቂት ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ነው። ነዳጅም በከንቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት ሞተሩ ከሚገባው በላይ መቀዝቀዙ ነው። የቀዘቀዘ ሞተር ዘይቱ ውስጥ የገባውን እርጥበት በደንብ አያተንም፤ ከነዳጁ የሚመጣው እርሳስም ሻማው ላይ ይጠራቀማል። ሞተር የሚስማማው መካከለኛ ሙቀት አለው፤ ፍላፑም ያንን ጠብቆ ለማቆየት ነው የተሰጠህ።

አሁን ወደ ማንሻው እንምጣ። የአውሮፕላንህ መመሪያ መጽሐፍ የበላይ ነው፤ እኔ የምነግርህ ከመመሪያው ጀርባ ያለውን ምክንያት ነው።

መሬት ላይ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቀኑ ቢበርድም ክፍት ነው። የቆመ አውሮፕላን የሚያገኘው አየር ፕሮፔለሩ የሚልከውን ብቻ ነው። መግቢያዎቹ ፊት ያለው የፕሮፔለሩ ክፍል ደግሞ ሥሩ ነው፤ ሥሩ ብዙ አየር አይገፋም። የሙቀት ጌጁ ዝቅ ብሎ ቢታይህ እንኳ አትታለል። ፍላፑን በመዝጋት ሞተሩን ቶሎ አሞቃለሁ ያለ ሰው አንዱን የሲሊንደር ጎን ያሞቃል፣ ሌላውን አያሞቅም። ሞተሩን ከፍ አድርገህ ስትፈትሽ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙር። ነፋስ ከጭራ ሲመጣ ከመውጫው በኩል እየገፋ የአየሩን መንገድ ያደናቅፋል።

ስትነሳም ክፍት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከተነሳህ በኋላ ያለው ሽቅብ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ የሚፈጥረው ሙቀት ትልቅ ነው። ፍጥነትህ ግን ትንሽ ነው። ወደ መግቢያው የሚገፋው የአየር ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በ80 ኖት ስትወጣና በ140 ኖት ስትበር ያለውን አስላው፦ 140 ለ80 ሲካፈል 1.75 ነው፣ ካሬው ከ3 ትንሽ ይበልጣል። ሽቅብ ስትወጣ የምታገኘው ግፊት ከፍታ ይዘህ ስትበር ከምታገኘው ሲሶ ነው ማለት ነው። ትልቅ ሙቀት፣ ትንሽ አየር። የፍላፑ እውነተኛ ሥራ እዚህ ነው።

በዚያ ላይ አፍንጫውን ባነሳህ ቁጥር መግቢያው አየሩን የሚቀበልበት ማዕዘን ይበላሻል። ለዚህ ነው ዛፍና ሕንፃ ካለፍክ በኋላ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርገህ በ90 ወይም በ100 ኖት መውጣት የሚሻለው። የምትወጣበት ፍጥነት በደቂቃ ትንሽ ይቀንሳል። ሲሊንደሮችህ ግን ያመሰግኑሃል፤ የፊት ለፊት እይታህም ይሰፋል።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። 10,000 ጫማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። ቀጭን አየር የሚሸከመው ሙቀት ትንሽ ነው። ያንተ ሞተር ቱርቦ፣ አየሩን አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ከሌለው አብሮ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ነገሩ ይካካሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን እዚያም ላይ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ስለዚህ ቱርቦ ያለው አውሮፕላን ሲያበሩ ካውል ፍላፑን ከፍታ ላይም ቶሎ መዝጋት አይገባም፤ ጌጁን አይቶ ነው።

ከፍታህ ላይ ስትደርስ አትቸኩል። መጀመሪያ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ያግኝ። ከዚያ ጉልበቱን ቀንስ፣ ፍላፑን ዝጋ፣ ሚክስቸሩን፣ የነዳጅና የአየር ድብልቁን፣ አስተካክል። ከዘጋህ በኋላ ጌጁን ለጥቂት ደቂቃ ተከታተል። ብረት ሙቀት ለመያዝም ለመልቀቅም ጊዜ ይፈልጋል። ማንሻውን ነክተህ ወዲያው ጌጁ ካልተንቀሳቀሰ «አልሠራም» አትበል። ሙቀቱ እየወጣ ካየህም ቀይ መስመሩ እስኪደርስ አትጠብቅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ትንሽ ከፈት አድርገው። ማንሻው ከሙሉ ክፍትና ከሙሉ ዝግ መካከል ሌሎች ቦታዎች ያሉት ለዚህ ነው።

ቁጥር ከፈለግህ እነሆ። ላይካሚንግ ብዙዎቹ ሞተሮቹ ላይ ለሲሊንደር ሄድ የሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት 500 ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ 260 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ኮንቲኔንታል ብዙዎቹ ላይ 460 ፋራናይት፣ ማለትም 238 ሴንቲግሬድ ይላል። እነዚህ መድረሻ አይደሉም፤ መሻገር የሌለብህ ወሰን ናቸው። ከፍታ ይዘህ ስትበር ከ400 ፋራናይት፣ ከ204 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ በታች መቆየት እመርጣለሁ። እየወጣህ ሳለ ለትንሽ ጊዜ ያንን ቢያልፍ መዓት አይወርድም፤ አዘውትሮ ሲያልፍ ግን የቫልቭና የሲሊንደር ዕድሜ እያጠረ ነው።

ሚክስቸሩም እጁ አለበት። የጭሱ ሙቀት ጫፍ ላይ ከሚደርስበት ቦታ ነዳጁን ትንሽ ጨመር ስታደርግ፣ በግምት ከ25 እስከ 50 ፋራናይት ድረስ ባለው፣ ሲሊንደር ሄዱ ከሁሉ በላይ የሚሞቅበት ቦታ ላይ ነህ። በከፍተኛ ጉልበት እዚያ አትቀመጥ። ወይ ነዳጁን በደንብ ጨምር፣ ወይ ሞተሩ የሚቀበል ከሆነና መመሪያው ከፈቀደ ከጫፉ ወዲያ አሳልፈህ ቀንስ።

ወደ ታች ስትወርድ ዝግ ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሞተሩ የሚፈጥረው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሁሉም ነገር ወደ መቀዝቀዝ ይገፋል። እዚህ ላይ ድንገተኛ መቀዝቀዝ የሚሉት ክርክር ይመጣል። ላይካሚንግ የሲሊንደር ሄድ ሙቀት በደቂቃ ከ50 ፋራናይት በላይ እንዳይወርድ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብረቱ ላዩ ቶሎ ሲኮማተር ውስጡ ገና ሙቅ ከሆነ ይወጣጠራል። ሌሎች ደግሞ በየማረፊያው ሞተር ሲጠፋ ሙቀቱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲሊንደሩም አይሰነጠቅም ብለው ይከራከራሉ። እኔ የማስበውን ልንገርህ። የላይካሚንግን ምክር መከተል ብዙ አያስወጣህም፤ ቀደም ብለህ መውረድ ጀምር፣ ጉልበቱን ቀስ እያልክ ቀንስ። ብዙ አብራሪዎች ማኒፎልድ ፕሬሸሩን፣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን አየር ግፊት፣ በየደቂቃው በአንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ከመቀዝቀዝ ይልቅ ግን አብዝተህ ልትፈራው የሚገባው መጋል ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ለ10 ደቂቃ 450 ላይ ያቆየኸውን ሲሊንደር፣ ስትወርድ በመንከባከብ አትክሰውም።

ማረፉን ትተህ እንደገና ሙሉ ጉልበት ስትሰጥ ካውል ፍላፑ ይከፈት። ብዙ ሰው የሚረሳው እዚህ ነው። እጅ ይበዛል፤ ትሮትል (የጉልበት ማንሻው)፣ የክንፍ ፍላፕ፣ አፍንጫውን መያዝ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብር። ሽቅቡ ሲረጋጋ ግን ወዲያው እጅህ ወደ ማንሻው ይሂድ።

ካረፍክ በኋላ ክፈተው፤ ሞተሩን ስታጠፋም ክፍት ተወው። ሞተር ሲጠፋ አየሩ ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ብረቱ ውስጥ ነው። መውጫ ካጣ ኮፈኑ ውስጥ ታፍኖ የነዳጅ መስመሩን ያሞቃል። በኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን ወደየሲሊንደሩ በመርጨት፣ የሚሠራ ሞተር ሲሞቅ አልነሳ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ተንኖ ነው።

እንግዲህ ካውል ፍላፑ ተበላሽቶ ዝግ ቢቀርብህስ? ሌሎች መሣሪያዎች አሉህ። አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ፍጥነት ጨምር። ጉልበት ቀንስ። ሚክስቸሩን አበልጽግ፣ ነዳጁን ጨምር ማለት ነው። ሦስቱም ሙቀትን ይቀንሳሉ። ካውል ፍላፕ የሌላቸው አውሮፕላኖች አብራሪዎች የሚጠቀሙት እነዚህን ነው። ስትማርበት የነበረው 172 የለውም፤ ሲረስ ኤስአር22ም የለውም። መሐንዲሶቹ መውጫውን አንድ ልክ ላይ ወስነው ለሁሉም የበረራ ሁኔታ እንዲበቃ አድርገውታል። የሚከፈለው ዋጋ ትንሽ ድራግ ነው፤ የሚገኘው ደግሞ አንድ የሚረሳ ማንሻ ማነሱ ነው።

አሁን ወደ ሚሞቀው ሲሊንደርህ። መልሴ ምናልባት ያስገርምህ ይሆናል፦ ጥፋቱ የካውል ፍላፑ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ፍላፑ የሚቀንሰው የታችኛውን ክፍል ግፊት ነው፤ ያ ደግሞ ለሁሉም ሲሊንደሮች የጋራ ነው። ፍላፑ ባይሠራ ሁሉም አብረው ይሞቁ ነበር። አንዱ ብቻ ሲሞቅ እዚያው ሲሊንደር ዘንድ የሚሆን ነገር አለ።

መጀመሪያ የምመለከተው ባፍሎቹን ነው። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጎማው መታጠፍ ያለበት ግፊቱ ወዳለበት፣ ወደ ውስጥ ነው፤ ያኔ አየሩ ራሱ ገፍቶ ከኮፈኑ ጋር ያጣብቀዋል። ወደ ውጭ ከታጠፈ ግን አየሩ ገልጦት ያመልጣል። ያመለጠ አየር ፊን ሳይነካ ታችኛው ክፍል ይገባል። ሁለት ጊዜ ትጎዳለህ፦ ላይኛው ግፊት ይወርዳል፣ ታችኛው ይጨምራል። የቱንም ያህል ካውል ፍላፑን ብትከፍት ያንን አይመልሰውም።

ኮፈኑ ሲወርድ ውስጠኛ ገጹን እይ። ጎማው በደንብ የሚነካበት ቦታ ላይ ጥቁር የመፋተግ መስመር ተሥሎ ታገኛለህ። መስመሩን በጣትህ ተከተል። የተቋረጠበት ቦታ ካለ አየሩ የሚያመልጠው እዚያ ነው። ሌላው ዘዴ ኮፈኑን ገጥሞ፣ ጨለማ ያለበት ቦታ ሆኖ፣ ከታች በካውል ፍላፑ በኩል መብራት ማስገባት ነው። ከፊት በመግቢያው ስታይ በባፍሉ ጠርዝ ላይ ብርሃን ከወጣ በዚያ በኩል አየር ያልፋል። ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ባፍሎችም አትርሳ። አየሩ ፊኖቹን ታችኛው ጎናቸው ድረስ አቅፎ እንዲሄድ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሲሊንደር ተቀይሮ እነሱ በትክክል ሳይመለሱ የቀሩበት ሞተር አጋጥሞኛል፤ የሚሞቀው ያው የተቀየረው አዲሱ ሲሊንደር ነበር።

ባፍሎቹ ደህና ከሆኑ ፊኖቹ መካከል ብርሃን ያልፋል ወይ ብዬ አያለሁ። አንዳንድ ሲሊንደር ፋብሪካ ሲቀለጥ የቀረ ትርፍ ብረት ፊኖቹን ዘግቶ ይቀራል። የዘይት ቅባትና አቧራም አብረው ይጠነክራሉ። ከዚያ የነዳጅ ነገር አለ፤ ኢንጀክሽን ከሆነ በከፊል የተደፈነ ኖዝል (የነዳጅ መርጫ)፣ ካርቡሬተር ከሆነ ደግሞ በማስገቢያ ቱቦው በኩል አየር የሚያስገባ ማያያዣ። ሁለቱም ያንን ሲሊንደር ነዳጅ ያሳንሱታል፤ ያኔ ሊግል ይችላል። ከሁሉ ቀላሉን ደግሞ እንዳትዘለው፦ ሴንሰሩ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ሻማ ሥር የሚገባው ዓይነት ሴንሰርና ሲሊንደር ሄዱ ላይ ባለው ቀዳዳ የሚገባው አንድ ዓይነት ንባብ አይሰጡም። አንዱ ሲሊንደር ላይ የተለየ ዓይነት ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። የሁለት ሲሊንደር ሴንሰሮችን አቀያይሮ መብረር ጥያቄውን ይዘጋዋል፤ ሙቀቱ ሴንሰሩን ተከትሎ ከሄደ ሲሊንደሩ ንጹሕ ነው።

ፍላፑንም ግን ሳታይ አትለፍ። ከበረራ በፊት ስትዞር ያዝና ቀስ አድርገህ ነቅንቀው። ማጠፊያው ላይ ትንሽ መላወስ ይኖራል፤ ብዙ ከላወሰ ፒኑ ተበልቷል። የጭስ ማውጫው ቅርብ ስለሆነ ሙቀትና ንዝረት ማጠፊያውን ይሰነጥቁታል። ሁለቱ ፍላፖች እኩል መከፈታቸውን እይ። አንዱ ካነሰ የሚጎትተው ኬብል ማያያዣው ላይ ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላል። ዝግ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አለመግጠሙ ግን ጉድለት አይደለም። ትንሽ ክፍተት እንዲተርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ዝግ ሆኖም አየሩ መውጣት አለበት። መጠኑን የጥገና መመሪያው ይነግርሃል። «ክፍተት አለው» ብሎ አጥብቆ የሚያስዘጋ ሰው ካጋጠመህ አስቁመው።

ወደ መካኒክህ ከመሄድህ በፊት አንድ በረራ ላይ ጻፍልኝ፦ የወጣህበትን ፍጥነት፣ የውጭውን ሙቀት፣ ሚክስቸሩ የት እንደነበረ፣ የስድስቱንም ሲሊንደር ንባብ በየ1,000 ጫማው። ከፍታ ስትይዝም ፍላፑ ክፍት ሆኖና ዝግ ሆኖ ለየብቻ። የሲሊንደሩንም ቁጥር ጻፍ፤ ከሞተሩ ስም ጋር። ኮንቲኔንታል ቁጥር 1 የሚለው ከኋላ ያለውን ነው፤ ላይካሚንግ ደግሞ ከፊት ያለውን። የሚሞቀው ሽቅብ ላይ ብቻ ሆኖ ከፍታ ስትይዝ ከሌሎቹ ጋር የሚስተካከል ከሆነ ከባፍሉ ይጀምር። ሁልጊዜ በእኩል መጠን ከሌሎቹ የሚበልጥ ከሆነ ሴንሰሩን ያስቀድም።